የዘጠነኛው ፎቅ መጋረጃ

ሙምባይ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከግንቡ ሥር ባለው ጥላ፣
ታይፕ እየመታሁ ስኖር፣ በሰው ሙግት ስበላ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ብዙ እንባ ተይቤያለሁ፤
ለአንዱም አላለቀስኩም፤ በገጽ አስከፍላለሁ።

ያን ዕለት ዝናቡ ነበር፣ ሲገርፈው ሸራዬን፣
መርፌ ሳሪዋ ላይ የሰካች ሴት አቋረጠች ሥራዬን።
«ሻራዩ ቶራስካር እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች፤
«ጻፍልኝ» ስትል ፌስታሏን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታች።
ወረቀት፣ ቴምብር፣ ደረሰኝ፤ ሃያ ስድስት ክፍያ፤
እያንዳንዱ የደረት ልክ፣ እያንዳንዱ የሰርግ ገበያ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
አሮጌ ሕንጻ ነበር፣ ሙሉንድ፣ የሃያ አራት አባወራ፤
ማኅበር ነበራቸው፤ የእነሱ ነበር ስፍራው።
ገንቢው ካርታ ዘርግቶ፦ «አሮጌውን ላፍርስላችሁ፤
ትርፉን ፎቅ ለራሴ ልሽጥ፣ የታቹን በነጻ ልስጣችሁ።»
ተፈራረሙ፤ ሳምቡሳ ተበላ፤ ፎቶ ተነሡ።
ዘጠነኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል፣ ሻራዩ ገዛች ከእሱ።

ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ሲሚንቶው ደረቀ፤
ገንቢው የአባሎቹን ኪራይ መክፈል ትቶ ራቀ።
ማኅበሩም ውሉን ቀደደ፤ በር ላይ ዘበኛ ቆመ፤
ክሬኑም እንደ ሽመላ አንገቱን ዘርግቶ ከረመ።
አልፈርድባቸውም፤ ሽማግሌ ሆነው በሰው ቤት ከርመዋል፤
ሁለቱ ቁልፍ ሳይጨብጡ በኪራይ ቤት ሞተዋል።

ሻራዩስ?
ማኅበሩ ዘንድ ስትሄድ፦ «አናውቅሽም፤ ገንዘብሽን የበላው እሱ።»
ገንቢው ዘንድ ስትሄድ፦ «ቁልፉን የነጠቁኝ እነሱ።»

ውል ስምምነት ነው። ውል የክርም ጫፍ ነው።
ይህን ልብስ ሰፊ ታውቃለች፤ የተወሳሰበ ልቃቂት የሚፈታው
ተጎትቶ አይደለም።
«ጻፍ» አለችኝ፤ «ሁለቱ ሲጎትቱ ይጠብቃል ቋጠሮው፤
ጫፉ ግን እኔ ጋ ነው፤ በመንግሥት መዝገብ ነው ያለው።
ገጽ ዐሥራ አራት ተመልከት፦ ቁልፍ ቢዘገይ ከቀጠሮው፣
ወይ ገንዘቤ ከነወለዱ፣ ወይ እየተካሰ ቤቴ፤
መራጯ እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም።»
እኔ ስጽፍ እሷ ዝም ብላ የተቀደደ ኪሴን ሰፋችው።

ከዚያማ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮ ሌላ ቀጠሮ፤
ጣቴም አንዳንዴ ይስታል፤ ቀጠሮን ይጽፋል ቋጠሮ፤
ለማረም አልቸኮልኩም።

በአራተኛው ችሎት የማኅበሩ ጠበቃ፦ «ከእኛ ጋር ፊርማ የላት፤
ቤት የምትለውም አየር ነው፤ ታዲያ ምኑን ልንሰጣት?»

ሻራዩ ተነሣች፤ ፌስታሏን ፈታ መጋረጃ አወጣች፤
ቢጫ፣ ጠርዙ በእጅ የተለቀመ፤ ለዳኛዋ ዘረጋች።
«ወርዱ ሜትር ከሃያ ነው፤ ፕላኑ ይናገራል፤
እኔ በልክ ሰፍቻለሁ። መስኮቱስ መቼ ይሠራል?
እስከ ሰባተኛው ያለው ብረት በማን ብር ነው የቆመው?
ማኅበሩ ነገ ሌላ ገንቢ ሲያመጣ የሚሠራው
በእኔ ደረሰኝ ላይ አይደለም ወይ?»
ችሎቱ ጸጥ አለ። የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ
መጋረጃውን ወዘወዘው፣
መስኮት ያለው ይመስል።

የዳኛዋ ትእዛዝ አጭር ነው፤ ቅጂውን ስንቴ ሸጥኩት፦
ገንቢው በየወሩ ወለድ ይክፈል፤ ማኅበሩም ማንንም ቢያስገባበት
የሻራዩ ስም ከመዝገብ አይፋቅ።
ገንቢው ይግባኝ አለ። ማኅበሩም ይግባኝ።
ባልተስማሙበት ዓመት ሙሉ በዚህ ብቻ ተስማሙ።

ማታ ባቡሩ ሙሉንድን ሲያልፍ በመስኮት እቆጥራለሁ፦
ሰባት ፎቅ ግራጫ፣ ሁለት ፎቅ ሰማይ፤ እዚያ ላይ ቁራ አያለሁ።
እኔ እዚህ ወረቀት ላይ፣ ያለ አሸዋ፣ ያለ ሲሚንቶ፣
ስንት ቤት መታሁ በአንድ ሌሊት፣ ቃል ከቃል ተጎራብቶ፤
ለእሷ ግን አንድ ቤት አልገጠመም እስካሁን።
የመጨረሻውን ስንኝ ክፍት ትቼዋለሁ፤
ቁልፉን የያዘች ቀን መጥታ ትዝጋው።